ክርስትና ያልተነሳው ቀኝ እጅ

ክቡራትና ክቡራን፣ ሚስስ ፔምበርተን፣ አጫራቾች፣ የበረት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ለፓዩ፣ ለዚያ በሊጥ ተሸፍኖ ለተጋገረው ሥጋ ብቻ ብላችሁ የመጣችሁ ዘመዶቼ፤

ስላከበራችሁኝ እግዜር ያክብራችሁ። ይሄን የስንብቴን ድግስ ያሰናዱት ሥራ አስኪያጃችን ሚስስ ፔምበርተን ናቸው። "አቶ ሲም፣ ንግግርዎ አጭር ይሁን፣ ፓዩ ይቀዘቅዛል" ብለውኝ ነበር። እሺ አልኳቸው። ዋሽቻለሁ። ፓዩ ይቀዝቅዝ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል።

ሲም አርምስትሮንግ ነኝ። ግን የትኛው ሲም አርምስትሮንግ? በዚህ የከብት ገበያ ግቢ መሀል ቆማችሁ "አርምስትሮንግ!" ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ሰው ዞር ይላል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ኪሱን ይዳብሳል።

ስሙ ሲፈታ "ብርቱ ክንድ" ማለት ነው። አያቴ እንደሚተርከው ከሆነ፣ አንድ ንጉሥ በጦር ሜዳ ፈረሱ ተወግቶበት ሲወድቅ ጋሻ ጃግሬው ከነጥሩሩ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ የራሱ ፈረስ ላይ አስቀመጠው። ንጉሡም መሬትና ይሄን ስም ሸለመው። እውነት ነው? እኔ እንጃ። "አያቴ፣ ንጉሡ ስንት ኪሎ ነበር?" ብዬ ብጠይቀው በኩርኩም መለሰልኝ። የሱ ክንድ እንኳ እውነትም ብርቱ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኛን ያወጣው መልአክ ያን ቀን ሳይጠጣ አልቀረም። በዚህ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር ላይ ስማችን ለብዙ ዘመን የፈረሰኛ ወንበዴ፣ የከብት ሌባና የቤት አቃጣይ ስም ሆኖ ኖረ። ማዶ ተሻግረው ይዘርፋሉ፤ ሲሳደዱ ወዲህ ይሻገራሉ። ንጉሥ "ኑ እንታረቅ" ያላቸው መስሏቸው ሄደው ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉም አሉ። አንገትህን ገመድ ውስጥ ለማስገባት ስምህን መናገር ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ነበር። ስሙ ስለበዛም ሰው የሚለየው በቅጽል ስም ነው። የድሮዎቹን ቅጽል ስም ስትሰሙ ምናቸው እንደተቆረጠ ታውቃላችሁ፤ ጣት የለሹ፣ አፍንጫ የለሹ፣ ጆሮ ቆራጣው። ዛሬም ያው ነን። እኔን "ግራው ሲም" የምትሉኝ ለምን ይመስላችኋል?

ዛሬ ስሙ ዓለምን ሞልቶታል። አንዱ ባለ ስማችን መለከት እየነፋ አገር ምድሩን አስጨፈረ። ሌላው ጨረቃ ላይ ወጣ፤ የሚነዳ በግ ስላጣ ተመለሰ እንላለን እዚህ። ሳቁ፣ ሳቁ። ኪት ኖብልም ሲስቅ አየሁት። ጥሩ ነው፣ መንጋጋው ድኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ሚስስ ፔምበርተን፣ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም። ከደቡብ ሲመጡ፣ በአርምስትሮንጎችና በኖብሎች በጎች መካከል ሁልጊዜ አንድ በረት ባዶ እንደሚቀር አዩ። "ይሄ ለምን ባዶውን ይውላል?" አሉ። ምን ብለን እንመልስ? እኛም ስንወለድ ባዶውን ነው ያገኘነው። እርስዎ በመኸሩ ጨረታ ሞሉት። በግፊያ መዝጊያው ተከፈተና የሁለቱ ቤት በጎች ተቀላቀሉ።

ይሄ ነገር ነው? ጀርባቸው ላይ የየቤቱ ቀለም አለ፤ ሻይ ሳይፈላ ለይተን እንጨርስ ነበር። ግን ኪት ለወንድሜ ልጅ ለአርቺ፣ "አርምስትሮንግ አይደለህ! ሳትሰርቅ ከዋልክ እንቅልፍ መች ይወስድሃል!" አለው። አርቺም "አንተ የነፍሰ ገዳይ ልጅ!" ብሎ የመዝጊያውን ብረት ነቀለና መንጋጋውን ሰበረው። ጥርሱን ከበጎቹ እግር ስር የለቀምኩት እኔ ነኝ። አልቆየም፣ የኪት ወንድሞች አርቺን መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቀው ጎድኑን ሰባበሩት። ሊያስጥለው የዘለለውን ውሻውን ቀጥቅጠው ገደሉት። አርቺ ለጎድኑ ትንፍሽ አላለም፤ ለውሻው ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ያኔ ነው የፈራሁት።

ለምን ፈራሁ? ከዚህ በፊት ስላየሁት ነዋ!

የአርቺ አባት ዴቪ ወንድሜ ነበር። የኪት አባት ኩዝበርት ኖብል ይባላል። በዚሁ ግቢ፣ ከጨረታው አዳራሽ ኋላ፣ ስለ አንዲት ላም ተጣሉ። ስለ ላም! ኩዝበርት ብረት አነሳ። እኔ መሀል ገብቼ ቀኝ ክንዴን ጋረድኩ። የመጀመሪያው ምት ክንዴን አደቀቀው፤ አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛው የዴቪን ራስ አገኘው። ጭንቅላቱ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ ደሙ ጫማዬን ሞላው። "ሲም፣ በጎቹን አስገባቸው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው" አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ኩዝበርት ታሰረ፤ ሲፈታም ራሱን በመጠጥ ገደለ። እንግዲህ አንድ ብረት ሁለት ቤት አፈረሰ። አርቺም አባቱን በቅጡ አያውቅ፣ ኪትም አያውቅ። ብርቱ ክንድ የምባለው እኔም ይኸው፣ በዚህች እጅ የቢራ ብርጭቆ አላነሳባትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ኩዝበርትን ከተቀበረም በኋላ እንኳ ጠልቼዋለሁ። ጥላቻው ግን ዴቪን አልመለሰልኝም።

አርቺ፣ ወዴት ነው? ተቀመጥ! በሩ ላይ የቆሙትን አጫራቾች ያቆምኳቸው እኔ ነኝ፣ አያሳልፉህም።

አውቃለሁ። ከድግሱ በኋላ እዚያው፣ ከአዳራሹ ኋላ፣ ቀጠሮ አላችሁ። አንተ ካፖርትህ ውስጥ ብረት ይዘሃል። ኪት ቦት ጫማው ውስጥ ቢላዋ ሸጉጧል። ማን ነገረህ አትሉኝም? እናቶቻችሁ! ትናንት ሁለቱም ቤቴ መጡ። ዴቪ ከሞተ ጀምሮ ቃል ተለዋውጠው የማያውቁ ሴቶች፣ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አለቀሱ። ያንተ እናት፣ "ሲም፣ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ልጄን አታስቀብረኝ" አለችኝ። የኪት እናት የናትህን እጅ ጨብጣ ራሷን ነቀነቀች። ለምን ንግግሬን እንዳስረዘምኩ አሁን ገባችሁ?

አያቴ ሌላም ነገር ይተርክ ነበር። በዚያ በዘረፋው ዘመን፣ በድንበሩ ወንድ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ቀኝ እጁን ከውሃው ውጪ ያስቀሩት ነበር ይባላል። ያቺ እጅ አልተባረከችምና ብትገድል ኃጢአት አይሆንባትም። አያቴ ይሄን ሲያወራ ደረቱን ነፍቶ ነው። እኔ ግን የወንድሜን ሬሳ በግራ እጄ ካጠብኩ ወዲህ፣ ያቺን የሕፃን እጅ ባሰብኳት ቁጥር ያመኛል።

ይሄ ጆግ ይታያችኋል? ቢራ መስሏችሁ ስታፈጡበት አመሻችሁ። ውሃ ነው። ቄስ አይደለሁም፤ ቄሱን ጠይቄያቸው "ሲም፣ ይሄ ሥርዓት የለውም" ብለውኛል። ሥርዓት የሌለውማ ልጅን እጁ ሳይባረክ ማሳደግ ነው!

አርቺ፣ ና። ኪት፣ አንተም ና። ለስንብቴ ሌላ ስጦታ አልፈልግም። መጀመሪያ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አድርግ። አንተም ቢላዋውን። ምን አልክ፣ ኪት? "ጋሼ ሲም፣ እሱ ይቅደም"? አሁንም ስለ መቅደም? እሺ፣ አብራችሁ። እንዲያ ነው። ሚስስ ፔምበርተን፣ አይደንግጡ፤ ፓዩን ወደዚያ ጠጋ ያድርጉልኝ።

አሁን ቀኝ እጃችሁን ዘርጉ። ኪት ለአርቺ ያፍስለት፣ አርቺም ለኪት። እኔ ጆጉን አላነሳውም፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ቀስ ብለህ አፍስስ፣ አርቺ። ጠረጴዛው ላይ ቢፈስም ምንም አይደል፣ የኔ ልጅ። ኪት፣ ቀዘቀዘኝ ብለህ አትሰብስበው። ተዋደዱ አላልኳችሁም። አብራችሁ ጠጡም አላልኳችሁ። አትግደሉ ነው ያልኩት።

ክቡራትና ክቡራን፣ እስቲ ተነሱና አሜን በሉ። በጋችሁ መንታ ይውለድ፤ ቀበሮ አይድፈረው። ልጆቻችሁ ሙሉ አካል ይዘው ይሸምግሉ፤ ከእንግዲህ ማንም በጎደለው አካሉ አይጠራ። ከዚህ ግቢ በእግራችሁ እንደገባችሁ በእግራችሁ ውጡ። ለእናቶቻችሁ ዛሬ እንቅልፍ ይስጥልኝ። እኔንም በሰላም ሸኙኝ።

ሚስስ ፔምበርተን፣ ያ በረት ከመኸሩ ጠብ ወዲህ እንደገና ባዶውን ነው የሚውለው። ለሰኞው ጨረታ በግ ይሙሉበት።