ሮዳጅ ላይ የነበረች ቀይ መኪና

በኛ ጊዜ፣ እናንተ ልጆች፣ አዲስ መኪና የያዘ ሾፌር አይሮጥም ነበር። አይሮጥም! ለምን ቀስ ትላለህ ሲሉት ሮዳጅ ላይ ነኝ ይላል፣ አለቀ። ሮዳጅ ታውቃላችሁ? አታውቁም። አዲስ ሞተር ውስጡ ገና አልተላመደም፣ ፒስተኑም ቀለበቱ ፋሻውም ገና እርስ በርሳቸው ይተዛዘባሉ፣ እና እስኪላመዱ ድረስ ቀስ ብለህ ትነዳለህ፣ ብዙ አትጭንበትም፣ ነዳጅ ረግጠህ አታስጮኸውም፣ ዳገት ላይ አታስጨንቀውም፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ዘይት ትደፋና አዲስ ትሞላለህ፣ ያኔ ሞተሩ ሞተር ሆነ ማለት ነው። እኔ ደበላ ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ይዤ ከደምቢ ዶሎ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እና ሮዳጅ ላይ ያለ መኪና ይዤ አህያ ቀድሞኝ ያውቃል። ሳቁ፣ ሳቁ! አህያው እኮ ዞር ብሎ አይቶኛል።

ታዲያ ይህ ሮዳጅ የሚሉት ነገር እኛ ቤት የገባው በመኪና አይደለም፣ በሚስት ነው። ጊዳ አያና፣ ሰፋሪዎቹ መንደር፣ በቆሎ ልጭን እሄድ ነበር። በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡት ሰዎች ናቸው። እዚያ ይመር የሚባል ትራክተር ነጂ ነበር፣ እናት አባቱን ድርቁ ወስዶበት ትንሽ እህቱን ይዞ የመጣ፣ እሱ ራሱ ገና ጎረምሳ እያለ እሷን ያሳደገ። እህቱ ማን ናት? ያቺ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ባቄላ የምትለቅመዋ፣ እታገኝ። ሽማግሌ ልኬ እሺ ያለኝ ቀን ምን አለኝ መሰላችሁ? በዚያ በወሎኛው፣ "ስማማ ደበላ፣ አንተም ሾፌር፣ እኔም ሾፌር፣ በሚገባን ቋንቋ ልንገርህ። እህቴ ያገርህን ቋንቋ አታውቅም፣ የእናትህን ቤት አታውቅም፤ እንዲያው አደራህን በሮዳጅ ያዛት። እንዳትጮህባት" አለኝ።

እና ያዝኳት። ኧረ እናቴም ይዛታለች! እናቴ አማርኛ አትሰማም፣ እሷ ኦሮምኛ አትሰማም። እና እናቴ እንስራ ስታሸክማት "ሱታ፣ ሱታ" ትላታለች፣ ቀስ በይ ማለቷ ነው፣ እሷ ደግሞ ለሙሽራ ስም ያወጡላት መስሏት "አቤት!" እያለች ትመጣለች። ስንት ጊዜ ሱታ ሲባል አቤት ብላ መጥታለች! አሁን ከዚያ ሆና ዓይኗን ታጉረጠርጥብኛለች፣ ተዉአት።

ታዲያ ልጃችን ለሊሳ ሲወለድ ይመር ኤሱማ ሆነ። በአማርኛ አጎት አጎት ነው፣ ያባት ወንድምም የናት ወንድምም። በኛ በኦሮሞዎቹ ግን የናት ወንድም ኤሱማ ነው፣ ራሱን የቻለ ክብር አለው። ይመር ይህን ሲሰማ "እንግዲህ ሹመት አገኘሁ በሉኛ!" ብሎ መንደሩን ዞረው። ለሊሳ ዕረፍት በሆነ ቁጥር አያና ነው፣ ኤሱማው ትራክተር ላይ ነው። እኔ አባቱ ሾፌር ሆኜ ተቀምጬ፣ ልጄን መጀመሪያ መሪ ያስያዘው እሱ ነው። ቀንቼበታለሁ፣ ልዋሽ?

ከዚያ ያ የግጭት ጊዜ መጣ። ስለሱ አላወራም፣ ያላንኳኳው በር የለም። የአያና መንገድ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። እታገኝ ወንድሟን ሳታይ ዓመት ሄደ፣ ሌላ ዓመት መጣ። ስልኩ አንዳንዴ መለስ ሲል "ጋሼ፣ አለህ?" ትለዋለች፣ "አለሁ፣ ምነዋ" ይላታል፣ ድርግም ይላል። ቀፎውን ይዛ ትቀመጣለች።

ታዲያ በዚህ መሐል ለሊሳ አዲስ አበባ በግንባታ ሥራ ጥሩ ሠርቶ ኖሮ፣ ቀይ መኪና ይዞ ጠቅልሎ እዚህ ነቀምቴ ከች አለ። ከነፕላስቲኳ አዲስ! ዝቅ ያለች፣ ግንባሯ የሾለ፣ እነዚህ የስፖርት የሚሏት ዓይነት። ግቢው ውስጥ አቁሞ፣

"አባ፣ እንዴት ናት?" አለኝ።

ዞርኳት። "ቆንጆ ናት፣ ግን ሌላው በር የታለ?"

"ሁለት በር ነው ያላት።"

"እናትህ በየት ትገባለች?"

"ወንበሩ ይታጠፋል አባ፣ በሱ በኩል ከኋላ ትገባለች።"

"እናትህ ሻንጣ ናት?"

ሳቀ። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባ፣ መንገዱ የተከፈተ ቀን እማዬን አያና የማደርሳት በዚች ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ በሩ አልተናገርኩም።

እና ማስዋቡ ተጀመረ። ቸርኬዋን አውልቆ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አስገባ፣ ወንበሯን ቀይና ጥቁር ቆዳ አስለበሰ። ከኋላዋ ክንፍ አስተከለላት፣ ክንፍ! "ይህ ምን ይሠራል?" ስለው "ስትሮጥ ከመሬት እንዳትነሳ ነው" ይለኛል። "ነቀምቴ ውስጥ የት ሮጣ ነው የምትነሳው? ባጃጁ ቦታ ሲሰጣት?" አልኩት። ማርሚታዋን፣ የጭስ ማውጫዋን ደግሞ አስቀየረና ጩኸቷ ሌላ ሆነ። ሞተሯ ሲነሳ የጎረቤት ዶሮ ይበተናል፣ ፊት የተቀመጠ ሰው ከኋላ የሚወራውን አይሰማም። ቀጥሎ "ሞላዋን አስቆርጬ ዝቅ ላድርጋት" ሲል ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። "ኤሱማህ ቤት መግቢያ ያለው ድንጋይ ሆዷን ይዘረግፈዋል!" ስለው ተወው። በመጨረሻ የኋላ መስታወቷ ላይ በትልቁ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ "ኤሱማ" ብሎ አስለጠፈ። እታገኝ ያን ቀን መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፣ አቧራ ሳይኖረው።

ታዲያ ሮዳጁን እኔ ያዝኩ። ከተማ ውስጥ መንፏቀቅ ብቻውን ሮዳጅ አይሆንም፣ ሞተር አንዴ ፈጠን አንዴ ቀሰስ ማለት አለበት። እና መንገዱ ሰላም ነው በተባለ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እስከ አኖ ሄደን እንመለሳለን። እኔ ከጎኑ ሆኜ "ሱታ! አትርገጠው! አሁን ትንሽ ልቀቃት፣ አሁን መልሳት" እላለሁ። ልጁ ይታገሣል። የአይሱዙ ሾፌር ሁሉ እያለፈው "ምነው ወንድሜ፣ ክንፏ ተሰበረ?" ይለዋል፣ እሱ እጁን አውጥቶ ሰላም ይላል። ግን መንገዱ ሰላም የሚሆነው ስንቴ ነው? ሮዳጁ በጣም ተጓተተ።

እና ገና ሳያልቅ የአያና መንገድ ተከፈተ ተባለ። እታገኝ ሌሊቱን ለወንድሟ የምትወስደውን ስትጠቀልል ነው ያደረችው። ጠዋት አንድ የማውቀው ሾፌር መኪናዋን አይቶ ወደኔ ቀረብ አለና "ኦቦ ደበላ፣ ይህን ጽሑፍ አንሡት። አንዱ ኬላ ጋ ቁቤው ያስጠይቃል፣ በአማርኛ ፊደል ብትጽፉት ደግሞ ሌላው ጋ ያስጠይቃል። ባዶ መስታወት ማንም አይጠይቀውም" አለኝ። ለሊሳ በጥፍሩ ላጠው። በሁለቱም ቋንቋ የተወለደ ልጅ ነው፣ በሁለቱም የሚጽፍበት ቦታ አጣ። አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው።

ታዲያ በሮዳጅ፣ ቀስ እያልን፣ ኡኬን አልፈን፣ እታገኝ የየመንደሩን ስም እየጠራች አያና ደረስን። ይመር መደብ ላይ ተኝቷል። ይመር! ትራክተሩ አልነሳ ሲል በትከሻው የሚገፋው ሰው፣ ከብርድ ልብሱ ሥር የለም ብትሉኝ አምናለሁ። ደረቱ ነው፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጤና ጣቢያው ነቀምቴ ውሰዱት ብሎ ነበር፣ በምን ይውሰዱት? መኪና የለ። እህቱ እላዩ ላይ ወድቃ ስታለቅስ እሱ በትከሻዋ በላይ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ያያል። "ይቺ ናት?" አለ። "አቤት! ለሊሳ፣ ያ ክንፏ ምን ይሠራል?" እያለቀስን አሳቀን።

ወዲያው ጫንነው። ሁለት በር መሆኗን ያን ጊዜ ረገምኩት። ወንበር አጥፈን፣ ጎንበስ አድርገን፣ ትከሻውን አስቀድመን አስገባነው፣ እታገኝ ከኋላ ጭኗ ላይ አስተኛችው፣ እኔ ከፊት ገባሁ። ጥቂት እንደሄድን "ልጄ፣ ፍጠን፣ ትንፋሹ እየራቀብኝ ነው" አለች። ለሊሳ ነዳጁን ረገጠው። ያቺ መኪና ጮኸች! ያን ጊዜ ይመር ከየት ባመጣው ጉልበት ከኋላ ተጣራ።

"ለሊሳ! ሮዳጁ አልቋል?"

አያችሁ? ሊሞት የደረሰ ሰው! ለልጁ ሞተር ያስባል!

ለሊሳ በስፖኪዮው አየውና "አልቋል ኤሱማ! ድሮ ነው ያለቀው!" አለው።

እኔ ዞሬ ልጄን አየሁት። እሱ አላየኝም። ያቺ መኪና በዚያ መንገድ እንዴት እንደሄደች እኔ ሾፌሩ ልነግራችሁ አልችልም። ከኋላ የሚባለውን አልሰማም፣ ማርሚታው ጆሮዬን ደፍኖታል። ኡኬ ልንደርስ ስንል እታገኝ ትከሻዬን ነካችኝ። ዞር ስል "ደበላ፣ አሁን ቀስ ይበል" አለችኝ። "ቀስ ይበል። የሚያስቸኩል የለም።"

ለሊሳ ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ማንም አልወረደም። ከዚያ መኪናዋን አዞርንና ይመርን ወደ አያና መለስነው፣ ከመንደሩ ሰው መሐል አፈሩን ይቅመስ ብለን። ያን መንገድ ሁሉ ለሊሳ በሰው እርምጃ ነው የነዳው።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ልጄ አይደለም። ክንፏን አስነቀለ፣ ማርሚታዋን መለሰ፣ መኪናዋን ሸራ አልብሶ ይኸው ከመናኸሪያው ጀርባ ከተከራየበት ግቢ አቁሟታል። አያና ለሙት ዓመቱም አልሄደም። እዚህም ሲመጣ እናቱ ፊት ብዙ አይቀመጥም። "ሞተሯን በጋራዥ አስመርምሬያታለሁ፣ ምንም አልሆነች፣ ይልቅ ንዳት" ስለው "ስለ ሞተሯ አይደለም አባ። መሪ ያስያዘኝ ሰው፣ ኤሱማዬ፣ ከአፌ የሰማው የመጨረሻ ቃል ውሸት ነው" አለኝ። ምን ልበለው? ሰው ለማዳን የተዋሸ ነው አልኩት፣ እግዜር ያውቃል አልኩት፣ ያልኩት ሁሉ ጠብ አላለለትም። እና እንዲህ ነው፣ ልጆቼ፣ መኪና ይላመዳል፣ ሐዘን ግን...

አንቺ፣ እታገኝ፣ ምን ራስሽን ትነቀንቂያለሽ?

እታገኝ፦ አልተታለለማ።

ደበላ፦ ማን?

እታገኝ፦ ጋሼ ነዋ! ትራክተር ላይ ያረጀ ሰው ሞተር ሰምቶ አያውቅም? ልጁ አልቋል ሲለው ሳቀ። ጭኔ ላይ ሆኖ "እየዋሸኝ ነው፣ ይቺ ገና ናት። ዝም በይው፣ ለኔ ብሎ ነው" አለኝ። ከዚያ ደግሞ "ኧረ ግን እንዴት አርጎ ይነዳል!" አለ። ከሱ በኋላ አልተናገረም።

ደበላ፦ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?

እታገኝ፦ መች ጠየቅኸኝ? አንተ በመጣ እንግዳ ሁሉ ፊት ስለ ቸርኬና ስለ ማርሚታ ታወራለህ፣ እኔ የወንድሜን ነገር ልቤ ውስጥ ይዤ እቀመጣለሁ። ልጄስ በዚህ መቃጠሉን ማን ነገረኝ? አሁን ካንተ አፍ መስማቴ ነው። እኔ መንገዱን ጠልቶ መስሎኝ። እኔን ማየት የከበደው መስሎኝ።

ደበላ፦ በሉ ልጆች፣ ጨዋታው ይብቃ። ያን ስልክ አቀብሉኝ... አይ፣ በስልክ አይሆንም። እታገኝ፣ ነጠላሽን ልበሺ። ለሊሳ እኔ ብነግረው አያምነኝም፣ አንቺው በአፍሽ ትነግሪዋለሽ። ተነሺ፣ እንሂድ።