ጎርፍ የወሰደው ማን ቤት ገባ?

ባለፈው ዓመት፣ በነሐሴ መባቻ፣ እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልሜ ከጋራው ሥር ወዳለው ሰፈራችን ስወርድ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። ዝናብ ማለትም ያንሰዋል፤ ሰማዩ የተቀደደ ነው የሚመስለው። ሮጬ የብርቄ አሳ ቤት በረንዳ ሥር ገባሁ። ብርቄ ከአርባ ምንጭ መጥታ በሰፈራችን አሳ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ ሰው የማይከብዳት ሴት ናት። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ተጠልለዋል። አንደኛው ጎረቤቴ ጋሽ ሠረቀብርሃን ናቸው፤ የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሁለተኛዋ ከጤና ጣቢያ ሥራዋን ጨርሳ የምትመለሰው ነርስ፣ ሲስተር ሀዊ ናት።

ጋሽ ሠረቀብርሃን ቀና ብለው ሰማዩን አዩና አማተቡ። «ተመስገን! ዓመቱን ሙሉ የጠበቅነው መጣ» አሉ። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ባለቤታቸውን ጠሩ። «ሰገነት! ዲጂኖውን ያዢና ድንጋዩን አንሺው! ጎርፉ ሳያልፍ፣ ቶሎ በይ!»

ምን ድንጋይ እንደሆነ ለሰፈራችን ሰው አይነገረውም፤ ለሌላው ግን እያፈርኩ እነግረዋለሁ። የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ በቁልቁለቱ በኩል ያለው ማፍሰሻ መክደኛ ነው። ጉድጓድ ሲሞላ ክረምት ይጠበቃል፤ ኃይለኛ ዝናብ የጣለ ቀን ድንጋዩ ይነሳና የዓመቱ ጉድ ሁሉ ወደ ጎርፉ ይለቀቃል። ይህን የሚያደርጉት ወሮበሎች አይደሉም። የሚጾሙ፣ የሚመጸውቱ፣ በዕድር የተመሰገኑ ሰዎች ናቸው። ሲጠየቁ መልሳቸው «ጎርፍ ይወስደዋል» ነው። ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሲስተር ሀዊ ቀደመችኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጎርፉ የሚወስደው ወዴት ነው?»

«ወደ ወንዙ ነዋ፣ ልጄ።»

«ከወንዙስ?»

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል አልሰማሽም? ወንዝ ማደሪያ የለውም። ይሄዳል።»

«ዘንድሮ ማደሪያ አግኝቷል፤ የሚያድረው ሰው ቤት ነው! የድሮ ዝናብ ቀስ እያለ ሲያካፋ ይውል ነበር። ያሁኑ የሳምንቱን በአንድ ሰዓት ያወርደዋል። ወንዙ ከመሄጃው ወጥቶ መኝታ ቤት ይገባል፣ በቧንቧ ስንጥቅ ይገባል፣ ወንዝ ዳር በተተከለው ሰላጣ ላይ ይተኛል። ከዚያ እኛ ጋ ሕፃን ይዘው ይመጣሉ፤ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ።»

«በሽታም ዝናብም የእግዜር ነው። እኔ ነኝ ያዘነብኩት?»

«ዝናቡን እርስዎ አላዘነቡትም። ድንጋዩን ግን እግዜር አላነሳውም።»

ጋሽ ሠረቀብርሃን ነጠላቸውን አስተካከሉ። የተናደዱ ጊዜ ልማዳቸው ነው።

«የምድር አየር ሞቀ ትሉናላችሁ። እሺ፣ ሞቀ። የእኔን ጉድጓድ ከዓለም ጋር ምን አገናኘው?»

«የሞቀ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፣ የተሸከመውንም በአንድ ጊዜ ያፈሰዋል። ፓኪስታንን ጎርፍ የዋጣት ጊዜ፣ ከጎርፉ የተረፈውን ሰው ወባና ተቅማጥ ጠበቀው። ማላዊን ዐውሎ ነፋስ ሲመታት ኮሌራው ባሰባት። እኛው አገር ደግሞ በተቃራኒው ቦረና ዝናብ ጠፍቶ ከብቱ አለቀ። ሰው እህሉን ያጣል፣ ንጹሕ ውሃ ያጣል፣ መጨረሻ ጤናውን ያጣል። እዚያ የመጣው እዚህም መጥቷል፤ እርስዎ ደግሞ በር ከፍተው እያገዙት ነው!»

ብርቄ መጥበሻዋን ትታ ወጣች። «አሳውስ? እኛ አገር ሐይቁ ሞልቶ ዳርቻውን ዋጠው። ወንድሞቼ መረብ የሚጥሉበት ጠፋቸው። ጎርፍ ቆሻሻና አፈር ይዞ የገባ ሰሞን አሳው አየር አጥሮት ሆዱን ወደ ላይ ያደርጋል። ከላይ ያለ ሰው ሁሉ ‹ይወስደዋል› ይላል። የሚወስደው እኛ ድስት ውስጥ ነው!»

ሽማግሌው ግን በዋዛ የሚረቱ አይደሉም። «መምጠጫ መኪናው መንገዱ ጠባብ ነው ብሎ አይወጣልንም። ሰፈሩ ሁሉ ሲከፍት የእኔ ብቻ መዝጋት ምን ይጠቅማል?»

አላስቻለኝም። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» አልኳቸው።

«አህያ አልከኝ፣ ፍሥሐ?»

ሲስተር ሀዊ በመካከላችን ገባች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ ከበታች በኩል ዘመድ የለዎትም?» አለቻቸው።

«እንዴት አይኖረኝ? ናዝሬት የምትባለው ልጄ ከታች፣ ከወንዙ ድልድይ ሥር ነው የምትኖረው።»

«ልጆች አሏት?»

«አንዲት። አምና እንኳ ልናጣት ነበር። ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል፤ ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሸሁላት። አልሆን ሲላት ሐኪም ቤት ተኝታ ዳነች።»

«መቼ ነበር የታመመችው?»

«ቡሄ በዋለ በሦስተኛው ቀን።»

«ጉድጓዱንስ መቼ ከፈቱት?»

ጋሽ ሠረቀብርሃን ዕድሜያቸውን በሙሉ ቀን ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀን አይስቱም። «የቡሄ ዋዜማ» አሉ።

የልጅቷ በሽታ ከእሳቸው ጉድጓድ ለመውጣቱ ማንም ሊምል አይችልም። ከሰፈራችን ጉድጓዶች ለመውጣቱ ግን ሁላችንም እዚያ በረንዳ ላይ የቆምን እናውቅ ነበር። ሽማግሌው ስልኩን አወጡና በዝናቡ ጩኸት እንዲሰማ ድምፁን አጎሉት።

«ሰገነት! መልሺው! ድንጋዩን መልሺው!»

«ምን ሆነሃል? ግማሹን አንስቼዋለሁ እኮ፣ ወገቤ ነው የተበጠሰው።»

«መልሺው አልኩሽ!»

ጠበቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «መለስኩት» የሚል ድምፅ መጣ።

«የወጣ አለ?»

«ትንሽ ወጥቷል።»

ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ባለ ዓይን ያየኝ ሰው የለም። «አንተ ሳኒታሪያን ነበርክ፤ የአካባቢ ንጽሕና መቆጣጠር ሠላሳ ዓመት ደመወዝ የተቀበልክበት ሙያህ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ይህን ድንጋይ በየክረምቱ ሳነሳ ትሰማ ነበር። ዛሬ ተረት ከምትተርትብኝ ያን ጊዜ ለምን አትነግረኝም ነበር?»

እውነታቸውን ነው። ከጎረቤት ጋር ላለመቀያየም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። የገዛ ሰፈሬን ትቼ በየገጠሩ ስለ ንጽሕና ሳስተምር ኖሬአለሁ። ንዴቴ ሁሉ ወደ ራሴ ዞረ።

እሳቸው ግን እኔን ትተው ልጃቸው ጋ ደውለዋል። «ናዝሬት፣ ውሃው እየመጣ ነው፤ ልጅቷን ይዘሽ ወደኛ ውጪ። የቧንቧውን ውሃ ሳታፈዪ እንዳታጠጪያት። ደግሞ ስሚኝ፤ አምና ያሳመምናት እኛ ነን። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ናዝሬት፣ «አባዬ፣ እየወጣን ነው» አለች። ይቅር ማለቷ ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅሁም። ሽማግሌው የብርቄን ጃንጥላ ተውሰው ሊቀበሏቸው ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላሳጥረው። በቀጣዩ እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ ጋሽ ሠረቀብርሃን ቆመው የቡሄን ነገር ሳይደብቁ ተናገሩ፤ እኔም የዝምታዬን ተናገርኩ። መንገዱ እንዲሰፋ አሥራ አንድ ቤቶች አጥራቸውን አንዳንድ ክንድ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ መምጠጫ መኪናውም ገብቶ ወጣ። አሁን ጉድጓድ የሚመጠጠው በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ ነው። ቦያችን በሰኔ ይጠረጋል፣ ጎርፍ ያለፈበት ሰሞን ውሃ ይፈላል፣ ጎመን በደንብ ይታጠባል። የዓለምን ዝናብ ማቆም አልቻልንም፤ ከእኛ ቤት ይዞት የሚወርደውን ግን ቀነስነው። የጋሽ ሠረቀብርሃን የልጅ ልጅ የዘንድሮን ቡሄ በጤና ዋለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እዚያው በረንዳ ላይ ዝናብ አገናኘን። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ጎልማሳ ስልኩን አውጥቶ፣ «ክፈቱት፣ ጎርፍ ይወስደዋል» ሲል ሰማነው። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ሠረቀብርሃን ክንዴን ያዙኝና ወደ ሰውዬው ቀረብ አሉ።

«ማን ቤት ይወስደዋል፣ ልጄ?» አሉት። «የእኔን የወሰደው ልጄ ቤት ነበር።»