የሽመና ክፍሉ ጩኸት

በደርግ ጊዜ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ በሚሄድ አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን ጎልማሳ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ምነው ትጮሃለህ? አጠገብህ ነኝ እኮ።»

«ይቅርታ እማማ፣ አይታወቀኝም። ፋብሪካ ሽመና ክፍል አሥር ዓመት ሠራሁ፤ የማሽኑ ጩኸት ጆሮዬን ጎዳው።»

«እኔን ግን ትሰማኛለህ።»

«የእርስዎ ድምፅ ጎርናና ነው። የጠፋብኝ ቀጭኑ ነው። ትንሿ ልጄ አፏን ስትፈታ ‹አባዬ› አለችህ አሉኝ፤ እኔ ከንፈሯን ብቻ አየሁ።»

«እኔን! ሐኪም ምን አለህ?»

«የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን አትርፍ አለኝ። አመልክቼ ወደ መጋዘን ተዛወርሁ፤ ሰኞ እጀምራለሁ።»

«ታዲያ ፍል ውሃው ምን ሊያደርግልህ?»

«ሚስቴ ለምናኝ ነው፤ እምቢ ማለት አልቻልሁም።»

ከኋላ ወንበር አንዲት ሕፃን ስትስቅ፣ ዞር ይል እንደሆነ ብዬ ሰውየውን አየሁት።