ስክሪን ላይ የማትወጣው አውሮፕላን

በአየር ማረፊያው ሻይ ቤት የእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር ሻዩን ይዞ ሻንጣ ጫኙ አጠገብ ተቀመጠ። ከጀርባው ባለው ጠረጴዛ የበረራ ተቆጣጣሪው ብቻውን ቁርሱን ይበላል። ሾፌሩ ዞር ብሎ አላየውም፤ ድምፁን ግን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«ዛሬስ አየሩ ደስ ይላል ወንድሜ፤ ነፋስ የለ፣ ደመና የለ። ልጆች ደህና ናቸው? ተመስገን ነው። የኛም ቤት ደህና፤ አማቼም ትናንት በሰላም ገባ። ያቺን አሮጌ አውሮፕላኑን ታውቃት የለ? እንደ አዲሶቹ ስሟንና ከፍታዋን መቆጣጠሪያ ማማው ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ የሚያወጣ መሣሪያ የላትም። እሷን በሬዲዮ መስማት፣ በመስኮት ማየት ነው... አንዳንዱ ደግሞ ለሥራው ሟች ነው። ፀሐይ ስክሪኑን እንዳታደበዝዝበት የመስኮቱን መጋረጃ ግጥም አድርጎ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ትጉህ ከየት ይገኛል?

ታዲያ አማቼን ‹ኮረብታው ላይ እየዞርክ ቆይ› አሉት፤ ቆየ። አዲሶቹ ሰተት ሰተት እያሉ ወረዱ። ያ ትጉህ ሲያስተናግዳቸው አቤት ማማሩ፤ ሙሽራ የሚቀበል ነው የሚመስለው። አማቼ ይዞራል። በሬዲዮ ይጣራል፣ ይዞራል። እኔ ከመኪናዬ ሆኜ አንጋጥጬ አየዋለሁ... ማየት ሥራዬ ነው እንዴ? ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ሳይፈቀድለት ወረደ። ምን ያድርግ፣ ሰማይ ላይ ይደር?

ይኸው ዛሬ ከሰዓት ስብሰባ ነው። ‹ያለ ፈቃድ ወርደሃል› ብለው የአብራሪነት ፈቃዱን ሊቀሙት ነው አሉ። ያ የተባረከ ሰው ደግሞ ‹ጭራሽ አልጠራኝም› ብሏል አሉኝ። እኔ አላመንኩም። በየሳምንቱ ከፊቴ ቆሞ የሚጸልይ ሰው ይዋሻል? ረስቶ ይሆናል እንጂ። ስንቱን ያስታውስ? የባለ መሣሪያው ስም ተጽፎ ይመጣል፤ ድሃ በአፉ ብቻ ነው የሚጠራው...»

ከጀርባ የሹካው ድምፅ ቆመ።

«ጠጣ እንጂ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ። ምን ያስደነግጥሃል? ስብሰባው ላይ ያስታውስ ይሆናል። ባያስታውስም እኔ አልቀየመውም፤ ማታ እንኳ ስጸልይለት ነው ያመሸሁት። ዕድሜውን ያርዝምለት አልኩ። ልጆቹን ለወግ ማዕረግ ያብቃለት አልኩ። መቼም ሁላችንም ወደ ላይ መሄዳችን አይቀርም፤ ወደዚያ ደግሞ መሣሪያ ይዞ የሚሄድ የለም... እና እሱም ቀኑ ደርሶ ሲሄድ፣ በሩ ላይ የሚቀበለውን መልአክ ልክ እንደ እሱ ያለ ትጉህ ያድርግለት። አሜን በል እንጂ ወንድሜ።»