ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?

ትንሿን የልጅ ልጄን የሚጥል በሽታ ቢያስቸግራት ከመካነ ብርሃን ጎንደር ወሰድናት። ሐኪሟ እንክብል ሰጠችንና «ቫይታሚን ነው» አለች።

«ምነው ልጄ! ቫይታሚን ለከሳ ነው፤ ይቺ ድንቡሽ ያለች ናት» ብላት ሳቀች።

«አያ፣ ከምግብ የሚገኝ ነገር ነው። የእሷ ሰውነት ግን ከሌላው ልጅ አብልጦ ይፈልገዋል። ከተቋረጠ ይጥላታል።»

ገባኝ ብዬ ወጣሁ፤ የገባኝ ግን ምግብ መሆኑ ብቻ ነበር።

አገራችን እንደገባን ጠዋት ጠበል ወሰድናት። ምራቴ እንክብሉን ስታወጣ ጠበል የሚያድለው ዲያቆን «ከመድኃኒት ጋር አይሆንም» አላት።

ፈጠን ብዬ «መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው» አልሁ።

«ምግብ ከሆነማ ጭራሽ! ጠበል በባዶ ሆድ ነው።»

ምግብ ነው ብል አይሆንም፣ መድኃኒት ነው ብል አይሆንም፤ ታዲያ ምን ልበለው? ቄሱ ሰምተው መጡና ዲያቆኑን «አንተ፣ ይቺ ልጅ ስትወድቅ አይተሃታል?» አሉት። «አላየሁም» አለ።

«እንግዲያው በጠበሉ በጥብጣችሁ ስጧት» አሉና ጽዋውን ራሳቸው ያዙላት።

ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም። ምግብ ይሁን መድኃኒት ግን እስካሁን አልለየልኝም፤ እንዳይቋረጥ ብቻ እጠብቃለሁ።