ከመቺዋ የሸሸ ኳስ

— ሄሎ… ዌድ? የምታሰለጥናቸው ልጆች የሶፍትቦል ጨዋታ ላይ አይደለህም እንዴ አንተ?

— መብረቅ… እዚህም እያጉረመረመ ነው። የኦክላሆማ ግንቦት፣ ምን ይጠበቃል። ለስንት ደቂቃ አቋረጡት?… ሠላሳ። ስንት ለስንት ናችሁ?

— አራት ለሦስት እየመራችሁ ነው። ታዲያ ድምፅህ ምን ሆነ?

— ቆይማ… ዴልበርት፣ እስቲ ቴሌቪዥኑን ቀንስልኝ። የወንድሜ ልጅ ነው፣ ከሜዳ ነው የሚደውለው። … ዳሌዬ ደህና ነው ዌድ፣ ዴልበርት ያስታምመኛል፣ ቀዶ ጥገናው ከተሠራልኝ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አልሞትም። የመጣህበትን ንገረኝ።

— ጆሊን?… ወርዋሪህ? ኳሱን እያራቀች ሦስት መቺ በተከታታይ በነጻ አሳለፈች? ቤዙ፣ ሦስቱም ማረፊያ በሯጭ ሞልቶ፣ ከመቺዎቹ አንድም ሳታስወጡ… አሁን የት ናት?

— መኪናህ ውስጥ ቆልፋ። … ከእንግዲህ አልወረውርም አለች። ለዛሬ ነው ለሁልጊዜ?… አሥራ ሦስት ዓመቷ እኮ ነው።

— አይ፣ የእጅ አንጓዋ አይደለም። ሶፍትቦል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ አንጓዋን አውቀዋለሁ። ኳሶቹ ወዴት ሄዱ ነው የምልህ። ወደ መሬት? ወደ ላይ?… ከመቺዋ በሩቁ። ሁሉም?

— ከዚያ በፊት ምን ሆነ ዌድ?… ምንም አትበለኝ። ከሦስቱ በፊት የነበረችው መቺስ?… ጆሊን በኳስ መታቻት። የት ላይ?… ሄልሜቷን፣ ጆሮዋ ጋ። ኧረ አንተ ልጅ፣ ይኼን አስቀድመህ አትነግረኝም?

— በረዶ ይዘውላት ተቀምጣለች፤ ደህና። ስሟ ማን ነው?… አታውቅም። ጆሊንም አታውቅም ማለት ነው።

— በል ስልኩን በመስኮቱ ስጣት። እምቢ ካለች ሎርና ናት በላት። እጠብቃለሁ።

— ዴልበርት፣ ተወው መድኃኒቱን፣ አሁን አልውጥም።

— ጆሊን… አለሁ። አልቅሺ፣ ግድ የለም። … ኳሱ ሲመታት የተሰማውን ድምፅ?… አዎ፣ አውቀዋለሁ። እኔም ሰምቼዋለሁ።

— አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያኔ የፊት መከላከያ የሚባል የለም፤ የአንዲት መቺ መንጋጋ በኳስ ሰበርኩ። አሰልጣኜ «እርሺውና ወርውሪ» አለኝ። ረስቻለሁ ብዬ ወረወርኩ። … አይ፣ ሄጄ አላየኋትም። ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ስጫወት አንድም ኳስ ወደ መቺ አስጠግቼ አልወረወርኩም። መቺዎቹ ነቁብኝ፣ በዚያው ከጨዋታው ቀረሁ። … ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ይኸው ዴልበርት አፉን ከፍቶ ያየኛል።

— ስለዚህ እርሺው አልልሽም። ሂጂና እያት። … አዎ አሁን፣ ቡድኗ ሁሉ እያየ፣ እናቷም ብትኖር። ስሟን ጠይቂያት። የምትይውን አታጥኚ። … ከዚያ በኋላ መወርወሩ ያንቺ ፈንታ ነው። ካልፈለግሽ ለዌድ እኔ እነግረዋለሁ። ስጪው ስልኩን።

— ዌድ፣ አብረሃት አትሂድ። … ከሷ ሌላ ወርዋሪ የለህም፣ ገባኝ። ቢሆንም አትለማመጣት።

— ሄሎ… ትሰማኛለህ?… ደረሰች? ምን ይባባላሉ?… እሺ፣ ከሩቅ ነህ። … ሄልሜቷን እያሳየቻት ነው?… ሳቀች። የትኛዋ?… ሁለቱም።

— ዳኛው ጠራ? ኳሱን ማን ያዘው?… ጆሊን። አትዝጋው፣ እያየህ ንገረኝ።

— የመጀመሪያው?… ውጭ። … ሁለተኛውም። … ዝም በል፣ እንዳትጮህባት። … ዌድ? ዌድ፣ ምንድን ነው ጩኸቱ?

— መቺዋ መታችው… አንዷ ሯጭ ገባች፣ እኩል ሆናችሁ። … ሁለተኛዋም። እየተመራችሁ ነው ማለት ነው። ውጤቱን ተወውና የምጠይቅህን መልስ። ኳሱ በየት በኩል ነበር?

— መቺዋ ደረት ስር…  አስጠግታ ወረወረችው።

— አላለቀስኩም። አሁን ምን እያደረገች ነው?… ኳሱን መልሱልኝ እያለች? ስጧታ። … ዝጋው ዌድ፣ ሥራህን ሥራ።