ጆሮ የሚጮኸው ሰው ሲያማ አይደለም

— ሄሎ?... ማነው?... አብሺር! ወሪያ፣ ምን ያስጮህሃል? ያለ ስልክ ከመጋላ ድረስ የምትጣራ እኮ ነው የምትመስለው!... እኔማ ደህና አድርጌ እሰማሃለሁ አቦ፣ ቀስ በል።

— ደህና ነን። ጢሞቴዎስም ደህና ነው፣ ይኸው በሽርጡ በረንዳ ላይ ጋደም ብሏል። ኑሀሚን የሞንታርቦ ስፒከሮቹን አቧራ እያራገፈች ነው... እሷን ነው የፈለግከው?... እኔን? እሺ፣ ተናገር።

— የማን አክስት?... የቅዳሜዋ ሙሽራ አክስት። እሺ... ምን አየች?... እንዴት አልስቅ? ጆሮህ ውስጥ ጥጥ አይታ «ሠርጋችን ላይ ሬሳ መጣብን» ብላ ጮኸች?... አውቃለሁ አቦ፣ ጥጥ የሚጎሰጎሰው ለሬሳ ነው። ሴትዮዋ እውነቷን ነው፣ እኔም ብሆን እደነግጥ ነበር። ግን ጥጥ አድርግ ያለህ ማነው?... ልጄ ኑሀሚን የሰጠችህን የጆሮ መድፈኛ የት ጣልከው?

— እና የእሁዶቹ ሠርገኞች ይሄን ሰምተው ምን አሉ?... ወይ ጆሮ መድፈን ይቅር፣ ወይ ኑሀሚን ትቅር። አንተስ ምን አልክ?... «ለአንድ ቀን ብቻ!» ስማ አብሺር... ስማ ነው ያልኩህ! ሞንታርቦው የኔ ነው፣ ሚክሰሩ የኔ ነው፣ ሚክሰሩ ላይ የምትቀመጠው ልጄ ነች። ጆሮ ሳይደፈን ሶኬት አይሰካም። አለቀ።

— ግትር በለኝ፣ ደስ ይለኛል።

— ቆይ፣ የረሳህ ትመስላለህ። ኑሀሚን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ የገባች ቀን በመጀመሪያ ምን ሰጧት? ጋወን አይደለም፣ የጆሮ መድፈኛ ነው። ማሽኑ ጆሮ ይበላል ብለው። ቤት መጣች፣ እዚች በር ላይ ቆመች፣ አባቷን ጢሞቴዎስን አየችው፣ ሞንታርቦውን አየችው። «እማዬ፣ ይሄስ ከማሽኑ በምን ይሻላል?» አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩት ምን ልመልስ? «ይሄኛው ያስጨፍራል» አልኳት። «እንግዲያው እያስጨፈረ ነዋ የሚበላው!» አለችኝ።

— አዎ፣ ከዚያ ነው ሥራውን ለቃ ሚክሰሩን የያዘችው። እናንተ ደግሞ ሳቃችሁባት። «ሙዚቀኛ ጆሮውን ደፍኖ፣ ሾፌር ዓይኑን ጨፍኖ» ብሎ የቀለደው ማነው? አንተ! ባንዱ በሙሉ እየተንከተከተ፣ እሷ ምን አደረገች? ድምፁን ቆረጠችው። ጭጭ! ሙሽራዋ በር ላይ ቆማ፣ ሠርገኛው በባዶ እያጨበጨበ፣ ልጄ እጇን አጣምራ ቁጭ። አንድ በአንድ ደፍናችሁ ስትጨርሱ መልሳ ከፈተችው። ሞንታርቦውንም ከጆሯችሁ ሥር አንስታ ወደ ፊት አራቀችው። በመሃል ደግሞ ጆሯችሁ ይረፍ ብላ ወደ ውጭ ትነዳችኋለች፣ እንደ ፍየል! የማን ልጅ ነች? የኔ ነቻ!

— ምን?... አይ፣ የጢሞቴዎስ አለመስማት እርጅና አይደለም። ሰውየው ድራም ሲመታ የኖረው ሞንታርቦ ተደግፎ ነው። ከሠርግ ሲመለስ ጆሮው ይጮህበታል፤ እሱ ደግሞ «ስሜን እያነሱት ነው፣ ድሬ በሙሉ እኔን እያማች ነው» እያለ ይኩራራል። ከዚያስ? ባለፈው ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ፣ ድልድይ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሲጮህለት፣ እሱ አሸዋው መሃል ይንሸራሸራል። ውሃው ያን ያህል እያገሳ! ደሄቦ ሮጣ በሸሚዙ ባትጎትተው ኖሮ...

— ምን አልክ?... ኑሀሚን አላልኩም፣ ጎረቤታችን ደሄቦ ነው ያልኩህ... ደ-ሄ-ቦ!... መስመሩ ነው? እኔ እኮ አንተን ጥርት አድርጌ ነው የምሰማህ... ቆይ። አብሺር፣ ስልኩን በየትኛው ጆሮህ ነው የያዝከው?... በግራ። ይሄን ሁሉ ዓመት ኪቦርድ ስትጫወት ሞንታርቦው በየት በኩልህ ነበር?... በግራ። እስቲ ስልኩን ወደ ቀኝ አዙረው... አዙረው አልኩህ!

— ሄሎ... አሁንስ?... ሹክ ብልህም ትሰማኛለህ?... ትሰማኛለህ።

— ግራው መጮህ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?... እና አንተ ምን መሰለህ?... ወይኔ አብሺር። ማንም እያማህ አይደለም፣ ወንድሜ። ማንም።

— እያለቀስክ ነው?... እሺ፣ ላብ ነው፤ የድሬ ሙቀት አይደል። ጆሮ የሚያይ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ፣ ኑሀሚን ትወስድሃለች... እምቢ ማለት የለም።

— እሁድማ እንመጣለን እንጂ! ለሠርገኞቹ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። የልጄ መድፈኛ ነጭ ጥጥ አይደለም፣ ብርቱካንማ ነው፣ ቁርጥ ሂና። ሂና ደግሞ የሙሽራ ነው፣ ለሬሳ ማን ሂና ይቀባል?... ሳቅክ አይደል! እና፣ ትደፍናለህ?... ቆይ ቆይ፣ እሷም ትስማው፣ ስፒከር ላይ ላድርግህ። ኑሀሚን! ነይ ቶሎ!... በል፣ ድገመው።

— ሰማሽ? «እሺ፣ አለቃዬ» አለሽ! አብሺር አለቃዬ አለሽ!... ጢሞቴዎስ! ልጅህን አለቃዬ አሏት!... አ-ለ-ቃ!... አዎ፣ ሳቅ። ሳቅ እንጂ!

— በል ቻው አብሺር... ቻው አቦ፣ ለቤተሰብ ሰላም በል... ቻው።

— ዘጋ። ኑሀሚን፣ ለአብሺር አንድ ጥንድ ለይተሽ አስቀምጪለት... ለሁለቱም ጆሮው ነዋ። ግን የቀኙን በእጅሽ ድፈኚለት። የተረፈችው እሷ ነች።